ከማይሉ በፊት ላሜራው ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ያገለገለ መኪና ስለ መግዛት በቅርቡ ያወጣችሁት ጽሑፍ ካምሪ ወይም ኮሮላ ለሚገዛ ሰው ደህና መመሪያ ነው። ማይሉ ዝቅ ያለ፣ አንድ ባለቤት ብቻ የነዳው፣ አደጋ ያልተመዘገበበት መኪና ፈልጉ ይላል፤ ለቤተሰብ መኪና ያስኬዳል። ቅር ያሰኘን የመጨረሻው አንቀጽ ነው። ይኸው መመዘኛ ለትንንሽ ስፖርት መኪኖችም እንደሚሠራ ጠቅሶ አልፏል። አይሠራም። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ካሉት ወገኖቻችን መካከል ከ6,000 እስከ 12,000 ዶላር ይዘው ሁለት መቀመጫ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቀላል መኪና የሚያፈላልጉ አሉ። በዚያ መመዘኛ ሄደው ገንዘባቸውን እንዳያቃጥሉ ብለን ይህን ጽፈናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀላል ስንል ክብደቷን ነው። የቅርብ ዓመታት ካምሪ ከ3,200 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ከነዚህ ትንንሽ ስፖርት መኪኖች የታወቀችው የመጀመሪያዋ ማዝዳ ሚያታ 2,200 ፓውንድ ገደማ፣ ማለትም አንድ ቶን ብቻ ናት። በዚህ ክብደት 116 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው ሞተር ይበቃታል፤ ጎማዋ ትንሽ ነው፣ የፍሬን ሸራዋ ቶሎ አያልቅም፣ ነዳጅም አታባክንም። ለመያዝ ርካሽ የሚያደርጋት ይሄ ነው። በዚያው ገንዘብ ትልቅ ሞተር የተጫነበት ከባድ አሮጌ ስፖርት መኪና የገዛ ሰው በመግዣው ያተረፈውን በጎማና በፍሬን ይመልሰዋል።

በዚህ በጀት ምርጫው ሰፊ ይመስላል እንጂ ጠባብ ነው። ሆንዳ ኤስ2000 እና ሎተስ ኤሊዝ ዋጋቸው ርቆ ሄዷል። ከ1997 እስከ 2004 ያለው ፖርሽ ቦክስተር በመግዣው ያታልላል፤ ሞተሩ ውስጥ ያለችው የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ከተሰበረች ሞተሩን ይዛው ትሄዳለች፣ የመለዋወጫውም ዋጋ የፖርሽ ነው። ፖንቲያክ ሶልስቲስና ሳተርን ስካይ እዚሁ አጠገባችን፣ ዴላዌር ዊልሚንግተን የተሠሩ ናቸው። ሞተራቸው መጥፎ አይደለም፤ ግን ሁለቱም ብራንዶች ተዘግተዋል፣ መብራትና ፓራፋንጎ ፍለጋ ያንከራትታል፣ ክብደታቸውም 2,900 ፓውንድ ይጠጋል። ሳይን ኤፍአር-ኤስ እና ሱባሩ ቢአርዜድ 2013 ጥሩ መኪኖች ናቸው፤ ሆኖም የዚያ ዓመት ሞተሮች ለቫልቭ ሞላ በ2018 በሪኮል (ፋብሪካው ጉድለቱን በነጻ ለማረም በሚያደርገው ጥሪ) ተጠርተዋል፣ ሥራውም ሞተር አውርዶ መፍታትን ይጠይቃል። ያንን የሠራው እጅ ማን እንደሆነና ከዚያ ወዲህ መኪናው ምን ያህል እንደተነዳ በወረቀት ካልታየ እኛ አንገዛም።

ቶዮታ ኤምአር2 ስፓይደር፣ ከ2000 እስከ 2005፣ ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል። ሞተሩ ከመቀመጫው ኋላ ነው፣ 138 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ክብደቷም ከሚያታ አይበልጥም። ችግሯ የጭስ ማውጫው መጀመሪያ ላይ፣ ሞተሩ ጋ ተጣብቀው ያሉት ትንንሽ ካታሊስቶች (የጭስ ማጣሪያዎች) ናቸው። የሴራሚክ እምብርታቸው ሲፈረፈር ዱቄቱ ወደ ሞተሩ ተመልሶ ይሳባል፤ ሲሊንደሩን ይቧጥጠዋል፣ ከዚያ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል። በተለይ ከ2000 እስከ 2002 የነበሩት ፒስቶኖች ራሳቸውም ዘይት የመብላት ዝንባሌ አላቸው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የላይኛዎቹን የኦክስጅን ሴንሰሮች ፈትቶ በቀዳዳው ትንሽ ካሜራ ማስገባት። እምብርቱ እንደ ማር እንጀራ ድፍን ሆኖ ከታየ ደህና ነው፤ ተሸራርፎ ከታየ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ፣ ማን እንዳወጣውና መቼ እንዳወጣው መጠየቅ ነው። ሻንጣ ለሚይዝ ሰው ግን ይህች መኪና አትሆንም።

ስለዚህ አብዛኛው ገዢ የሚያርፈው ሚያታ ላይ ነው፤ ትክክልም ነው። በ1989 ቺካጎ ላይ ለሕዝብ ከታየች ወዲህ ሂሮሺማ ያለው ፋብሪካ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አምርቷል፤ መለዋወጫዋ በየቦታው አለ። ዋናው ነገር የትኛዋን የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ነው ከጽሑፋችሁ የምንለየው። የሃያ አምስትና የሠላሳ ዓመት ስፖርት መኪና ላይ ማይል ብዙ አይናገርም። 60,000 ማይል ብቻ የሄደች፣ ግን ኦሃዮ ወይም ፔንሲልቬንያ ደጅ ላይ በክረምት ጨው የኖረች ሚያታ፣ 170,000 ማይል ጆርጂያ ውስጥ ከተነዳች ትብሳለች። ሞተሩ ቢደክም ከሞተ መኪና ላይ ሌላ ይገኛል፤ ሁለት ቀን ሥራ ነው። የበሰበሰ ላሜራ ግን ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ ሲያልቅ ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። በዚያ ላይ የአሮጌ መኪና ማይል በሕግም ቢሆን ብዙ ዋስትና የለውም፤ የ2010 ሞዴልና ከዚያ በፊት ያሉት መኪኖች ሲሸጡ ማይል የማሳወቅ የፌዴራል ግዴታ የለባቸውም፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይም ከግዴታው ነጻ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሻጩ ምላሱ ላይ ያለውን ቁጥር ገዢው በምን ያረጋግጠዋል? ያረጁ የሰርቪስ ደረሰኞች ካሉ በነሱ፤ ከሌሉ በምንም።

ዝገቷን ለማግኘት ውሃው የት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። የጣሪያው ሸራ ላይ የወረደው ዝናብ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ወዳለው አሸንዳ ይወርዳል፤ ከዚያም በግራና በቀኝ፣ ከመቀመጫ ቀበቶው ቋሚ ሥር ባሉ ሁለት ቱቦዎች አልፎ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት መሬት ላይ ይፈሳል። ቅጠልና አቧራ ቱቦውን ሲደፍነው ውሃው መውጫ ያጣል፤ ከበሩ ሥር ባለው ድርብ ላሜራ ውስጥ ይጠራቀምና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ከኋላ ጎማው ፊት፣ ከበሩ መጨረሻ በታች፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ቀለሙ አረፋ አውጥቶ ከታየ፣ ያቺ አረፋ የዝገቱ መጀመሪያ አይደለችም፤ ከውስጥ በልቶ ሲጨርስ የሚታየው ነው። ቦታው ለስላሳ ሆኖ ከተገኘም ገዢው አይርካ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይዞ ከበሩ ሥር ከፊት ወደ ኋላ ያንሸራት። ማግኔቱ ፊት ለፊት ይዞ ኋላ ላይ ከለቀቀ፣ እዚያ ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው።

ቱቦዎቹን መፈተን ደግሞ የግማሽ ሊትር ውሃ ሥራ ነው። ጣሪያው በግማሽ ይከፈትና ከመቀመጫው ኋላ ባለው አሸንዳ ላይ በየጎኑ ቀስ ተብሎ ውሃ ይፈሳል። ወዲያው ከኋላ ጎማው ፊት ከወረደ ጥሩ። ከዘገየ፣ ወይም ምንጣፉ ሥር ከገባ፣ መኪናዋ ለስንት ክረምት እንደዚያ እንደኖረች አይታወቅም። ቱቦውን ለማጽዳት ወፍራም የፕላስቲክ ሽቦ በቀስታ ማስገባት ይበቃል፤ በኃይል የተገፋ ብረት ቱቦውን ከቦታው ያላቅቀውና ውሃው በሙሉ መኪናዋ ውስጥ ይቀራል።

ከዚያ ወደ ኋላ ዕቃ መጫኛው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የሚያታ ትውልዶች (ከ1990 እስከ 1997 እና ከ1999 እስከ 2005) ባትሪው እዚያ ነው፤ የታሸገና የጋዝ መውጫ ቱቦ ያለው ልዩ ዓይነት ነው። ዋጋው ስለሚወደድ ብዙ ባለቤት ተራ ባትሪ ያስቀምጥበታል፤ ከተራው ባትሪ የሚወጣው የአሲድ ጢስ ሥሩ ያለውን ወለል ይበላዋል። ምንጣፉ ይነሣ፣ ባትሪው ይነቅነቅ፣ ሥሩ በባትሪ ብርሃን ይታይ። የጋዝ ቱቦዎቹ የተሰኩ ካልሆኑ ይህ ሻጩ መኪናዋን እንዴት እንደያዛት ይናገራል።

መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ወለሏ ሥር ርዝመቱን የሚሄዱትን ሁለት የሻሲ ብረቶች ማየት ነው። ክሪክ የማይገባበት ቦታ ላይ ክሪክ ያስገባ ሰው ያጨፈልቃቸዋል። ጭፍልቅ ማለታቸው ብቻ መኪናዋን አይጥልም፤ የተቀደዱ ወይም በዝገት የተበሱ ከሆኑ ግን ተመልሶ መሄድ ነው። ከ1999 እስከ 2005 ባለችው ሚያታ ደግሞ የፊተኛዎቹ የሻሲ ጫፎች ድርብርብ ስለሆኑ ውሃና ጨው በመካከላቸው ይይዛሉ። የፊት ጎማው በመሪ ዞሮ፣ ከፓራፋንጎው ውስጥ በብርሃን ይታይ፤ ብረቱ አብጦ ወይም ልጥ ልጥ ብሎ ከተገኘ ሌላ መኪና ይፈለግ። እዚህ ላይ የሚደራደር ሰው ብዙ አይተናል፤ 1,000 ዶላር ተቀንሶለት 4,000 የጥገና ወጪ ያለባት መኪና ይዞ ይሄዳል።

አደጋን በተመለከተ የመኪናዋን የታሪክ ሪፖርት ማውጣት ጥሩ ነው፤ ኢንሹራንስ ያልነካው ጥገና ግን ብዙውን ጊዜ ሪፖርት ላይ አይወጣም። የፓራፋንጎና የኮፈን ብሎኖች ራስ ላይ ቀለሙ የተፋቀ ከሆነ ተፈትተዋል። ፋብሪካው በየላሜራው ላይ የለጠፋቸው የሻሲ ቁጥር ወረቀቶች ሁሉም አንድ ቁጥር መያዝ አለባቸው፤ በአንደኛው በር ላይ ከጠፋ ያ በር የሌላ መኪና ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን በብሔራዊው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ያልተሠራ ሪኮል ካለ በነጻ ያሳያል፤ የኤርባግ ሪኮል ካለ ደግሞ የማዝዳ ሻጭ ጋ ያለ ክፍያ ይሠራል።

ላሜራው ካለፈ በኋላ ሞተሩ ይታያል። የጽሑፋችሁ ሠንጠረዥ «ሚያታ የታይሚንግ ቺንጋ የላትም» ማለቱ (ቺንጋው የሞተሩን ዘንጎች አስማምቶ የሚያዞር የጎማ ቀበቶ ነው) ለ2006 እና ከዚያ ወዲህ ላሉት ብቻ ትክክል ነው፤ እነሱ ሰንሰለት አላቸው። ከ1990 እስከ 2005 ያሉት ሁሉ ቺንጋ ነው ያላቸው፤ በ60,000 ማይል ይቀየራል። ቺንጋው ብቻውን አይቀየርም፤ ከውሃ ፖምፓው፣ ከሁለቱ መዘውሮች፣ ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) እና ከካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) የዘይት ማኅተሞች ጋር አብሮ ነው። ፖምፓው ከስድስት ወር በኋላ ቢያንጠባጥብ ያው የእጅ ዋጋ ድጋሚ ይከፈላል። ከ1990 እስከ 1997 ባሉት ሞተሮች ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስቶን አይጋጩም፤ መንገድ ላይ ያስቀራል እንጂ ሞተሩን አይገድልም። ስለዚህ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ መኪና ቢገኝ መሸሽ አያስፈልግም፤ አልተቀየረም ብሎ ዋጋውን ከመግዣው ማስቀነስ ነው።

በ1990 እና በ1991 መጀመሪያ የተሠሩት የ1.6 ሊትር ሞተሮች አንድ የታወቀ ድክመት አለባቸው፦ የክራንክ ሻፍቱ አፍንጫ አጭር ነው። ብሎኑ በትክክል ካልጠበቀ የቺንጋ መዘውሩ ይላላል፣ ማስተካከያ ቁልፉ የተቀመጠበትን ቦይ እያሰፋ ይበላል፣ በመጨረሻም የሞተሩ ጊዜ ይዛባና ጉልበት ያጣል። ልዩነቱን ለማወቅ ከፊት ያለው የታችኛው መዘውር ላይ ያሉትን ክፍተቶች መቁጠር ነው፤ አራት ከሆኑ አጭሩ፣ ስምንት ከሆኑ ረጅሙ ነው። አጭሩ ከሆነ ሞተሩ ሲሠራ መዘውሩ ይታይ፤ ቀጥ ብሎ ከዞረ ሠላሳ ዓመት የቆየ ነገር ነው፣ ይቆያል። ከተወላገደ አይገዛም። ቺንጋ ሲቀየር ያን ብሎን በእጅ ስሜት ብቻ የሚያጠብቅ መካኒክ ጋ መኪናዋ አትግባ።

ከ1994 ጀምሮ ሞተሩ 1.8 ሊትር ሆነ፤ 128፣ በኋላም 133 የፈረስ ጉልበት። ፍሬኑ ተለቀ፣ ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው) ጠነከረ፣ የተሳፋሪ ኤርባግም ገባ። ገንዘቡ ከበቃ ከመጀመሪያው ትውልድ ከ1994 እስከ 1997 ያሉትን እንመርጣለን። ግን አንድ ነገር ይታወቅ፦ እስከ 1994 ያለው የዘይት ግፊት መለኪያ እውነተኛ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅና ጋዝ ሲለቀቅ መርፌው ይወርዳል፣ ጋዝ ሲሰጥ ይወጣል። ከ1995 ወዲህ ያለው ለይስሙላ ነው፤ ግፊት ካለ መሐል ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ሌላ የሚናገረው የለም። ሻጩ «ግፊቱ አሪፍ ነው» ብሎ ያን መርፌ ቢያሳይ አትመኑት፤ ምናልባት እሱም አያውቅ ይሆናል።

ጠዋት ሲነሣ ከላይ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ በመጀመሪያው ትውልድ የተለመደ ነው፤ የቫልቭ መግፊያዎቹ በዘይት የሚሞሉ ስለሆኑ ነው። ሲሞቅ ከጠፋ ዘይት መቀየር ብቻ ሊበቃው ይችላል። ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ፣ ወይም ድምፁ ከታች ሆኖ የሚደበድብ ከሆነ፣ ቢዬላ (ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) ነውና ውይይቱ ያበቃል። ስለዚህ ሻጩ ቀድሞ ሞተሩን እንዳያሞቀው በስልክ ይነገረው፤ ኮፈኑ ሲነካ ሞቆ ከተገኘ ሌላ ቀን መመለስ ነው።

ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጀርባ፣ በመቀመጫዎቹ በኩል፣ የካም ሻፍት ሴንሰር አለ። በሥሩ ያለችው የጎማ ቀለበት በሙቀት ስትደርቅ ዘይቱ በማሞቂያው ቱቦዎች ላይ ይንጠባጠባል፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ስለሚወርድ ብዙ ሰው የኋላው ትልቁ የክራንክ ማኅተም ነው ብሎ ካምቢዮ ያስወርዳል። ቀለበቷ የጥቂት ዶላር ዕቃ ናት። ገዢው እጁን ወደ ኋላ ሰዶ የሴንሰሩን ሥር ይዳብስ፤ ከላይ ዘይት ካለ ችግሩ ከላይ ነው። ራዲያተሩ ደግሞ ከላይ ያለው ፕላስቲክ ሲገዛ ጥቁር ነበር፤ ወደ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴ ካደላ በሙቀት ደርቋል፣ ሊሰነጠቅ ነው። ሳይሰነጠቅ መቀየር ከቴስታታ ጥገና ይሻላል።

ሁለተኛው ትውልድ ከ1999 እስከ 2005 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ 1998 ሚያታ የሚባል ሞዴል የለም። የኋላው መስኮት ከፕላስቲክ ወደ መስታወት ስለተቀየረ ክረምት ላይ ይሻላል፤ በ140 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ያለው ሞተርም ይበልጥ ሕያው ነው። በ1999ና በ2000 ሞተሮች ላይ ግን ክራንክ ሻፍቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዘው ኩሽኔታ የሚያልቅባቸው አሉ። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ሞቆ በዝግታ እየሠራ አንድ ሰው ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ደጋግሞ ይረግጣል፣ ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ የፊተኛውን መዘውር ያያል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ መዘውሩ ወደ ፊት ሲገፋ ከታየ፣ ወይም የሞተሩ ዙር በግልጽ ከወረደ፣ ሞተሩ ዕድሜው አጭር ነው። ከ2001 እስከ 2005 ያሉት ለእኛ ከሁሉም የተሻሉ ናቸው፤ የፊተኛው ሻሲያቸው ንጹሕ ከሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለውን በአጭሩ። ከ2006 እስከ 2015 ያለችው 2.0 ሊትር፣ 170 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላት፤ ሰፋ ያለች ስለሆነች ረጅም ሰው ይመቸዋል፤ የ2009 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ሞተሮች ተጠናክረዋል። በአዝራር የሚታጠፈው ብረት ጣሪያ አሥራ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል፣ ክብደት ይጨምራል፤ ከመግዛት በፊት ሦስት ጊዜ ይከፈት ይዘጋ። የዘይቱን መጠን በየሁለት ሳምንቱ ማየት ለዚህ ሞተር ግዴታ ነው። የ2016 ሞዴል ወደ 2,330 ፓውንድ ተመልሳ ቀለለች፤ በዚህ በጀት እምብዛም አትገኝም፣ ከተገኘችም ከ2016 እስከ 2018 ያሉት ካምቢዮዎች ላይ የተሰበሩ ስላሉ ፋብሪካው እንደለወጠው የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቅ።

ፍሪሲዮንና ካምቢዮ። አገር ቤት በማኑዋል መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው እዚህ ጋ ይጠቀማል፤ አውቶማቲኮቹ ይረክሳሉ፣ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ባለ አራት ማርሽ ናቸው፣ የመኪናዋን ጣዕም ይወስዱታል። በሠላሳ ማይል ፍጥነት አራተኛ ማርሽ ላይ ጋዙ እስከ መጨረሻ ይረገጥ፤ የሞተሩ ዙር ፍጥነቱን ጥሎ ከዘለለ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ፔዳሉ ልስልስ ብሎ ወለሉ ጋ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮው ጎን ያለችው የታችኛዋ ፖምፓ ናት፤ የጎማ ሽፋኗ ሲገለጥ እርጥብ ሆና ትገኛለች። ርካሽ ናት። አንዷ ስትታደስ ግፊቱ ወደ ሌላዋ ስለሚዞር የላይኛዋም አብራ ትቀየር። ሁለተኛ ማርሽ በብርድ ቢያስቸግር አትደንግጡ፤ ሞቆም እየፈጨ ከገባ የሲንክሮ ቀለበቱ (ማርሹ ሳይፋጭ እንዲገባ የሚያደርገው) አልቋል። የካምቢዮው ዘይት 75-90፣ ደረጃው ጂኤል-4 ይሁን፣ ሁለት ሊትር ይበቃዋል፤ ለዲፈረንሻል የሚደረገው ጂኤል-5 የመዳብ ቅይጥ ቀለበቶቹን ሊጎዳ ይችላል።

ዲፈረንሻሉ የሚቆልፍ ዓይነት መሆኑን ሻጩ ካላወቀ፣ የፊት ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ የኋላው በክሪክ ተነሥቶ በብረት ማቆሚያ ይደገፍ። አንደኛው ጎማ በእጅ ሲዞር ሌላው በዚያው አቅጣጫ ከዞረ ይቆልፋል፤ ወደ ተቃራኒው ከዞረ ተራ ነው። ተራው ጉድለት አይደለም፤ ግን ዋጋውን አይጨምርም።

ሞተሩ ስለ ራሱ እንዲናገር የሚያደርገው በየሲሊንደሩ ያለውን ግፊት የሚለካው የኮምፕረሽን ፈተና ነው። ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላዎች ይውጡ፣ እሳትና ነዳጅ ይቋረጡ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻ ተረግጦ ሞተሩ በማስነሻው ይዙር። በትልቁና በትንሹ ሲሊንደር መካከል ያለው ልዩነት ከ28 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም። አንዱ ከወረደ አንድ ማንኪያ ዘይት ይጨመርበትና ይደገም፤ ቁጥሩ ከወጣ የፒስቶን ቀለበት ነው፣ ካልወጣ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ጋስኬት) ነው። ሻጩ ይህን አላስደርግም ካለ መልሱን ሰጥቷል።

የተቀየሩ መኪኖችን በተመለከተ አቋማችን ጥብቅ ነው። ተርቦ የተጨመረባት፣ ሞላዋ ተቆርጦ መሬት የነካች፣ ሽቦዎቿ በፕላስተር የተጠቀለሉ መኪና በዚህ በጀት ለሚገዛ ሰው አትሆንም። ጥሩ ሾክ የተገጠመላት ወይም የመገልበጥ መከላከያ ብረት ያላት ግን የተሻለች ልትሆን ትችላለች። የጎማዎቹን ዕድሜ ጎናቸው ላይ ካለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ማንበብ ይቻላል፤ 2319 ማለት በ2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቁመናው ያማረ የአሥር ዓመት ጎማ ዝናብ ላይ መኪናዋን ያሽከረክራታል፤ ኋላዋ ቀላል ናትና።

ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለ መኪና በስም ለማዞር የደኅንነት ምርመራ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የሚያገለግለው ለ90 ቀን ነው። የተበሳ ወለል፣ ያለቀ ጎማና የላላ የመሪ ዘንግ እዚያ ይወድቃል። ስለዚህ ሜሪላንድ ያለ ሰው ሻጩ ወረቀቱን እንዲያወጣ ቢጠይቅ ግማሹ ፍተሻ በሻጩ ወጪ ይሠራለታል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ይመረመራል። ዲሲ ከ2009 ወዲህ የግል መኪኖችን የደኅንነት ምርመራ ትቷል፤ የዲሲ ታርጋ ያላት መኪና የደኅንነት ፈተና አላለፈችም ብሎ ማሰብ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ነጻ መካኒክ ጋ መኪናዋን ማሳየት ከ150 እስከ 250 ዶላር ያስወጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» የሚለውን ሻጭ መጥቶ ይግዛት ማለት ነው።

ሁለት ነገር ለወገን። ኡበርና ሊፍት አራት በር ስለሚጠይቁ ይህች መኪና ትርፍ ሰዓት አትሠራም፤ የሕፃን ወንበርም ቦታ የላትም፤ ቤት ውስጥ ሌላ መኪና ከሌለ አትገዛም። ኋላ ወደ አገር ቤት እልካታለሁ የሚል ካለም ይተወው፤ ኢትዮጵያ በአገር ቤት አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች።

ገንዘቡ 9,000 ዶላር ከሆነ ከ6,500 በላይ መግዣ ላይ አይዋል። የቀረው 2,500 ትርፍ ሳይሆን የመኪናዋ ሁለተኛ ክፍያ ነው፤ ቺንጋና የውሃ ፖምፓ፣ ራዲያተር፣ አራት ጎማ፣ የፍሬን ዘይት፣ ምናልባትም የጣሪያ ሸራ። በመጀመሪያው ሳምንት ፈሳሾቹ ሁሉ ይቀየሩ። የሞተሩ ዘይት ሲወርድ በነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ ተደርጎ በፀሐይ ይታይ። ጥቁር መሆኑ ምንም አይደለም፤ እንደ መዳብ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ግን ያ ኩሽኔታ ነው፣ የሞተር ፍለጋው ያኔውኑ ይጀመር። የፍሬን ዘይቱ ከሩቁ ጎማ ጀምሮ በየጎማው ንጹሕ እስኪወርድ ይቀየር፤ የኋላ ፍሬን መያዣዎቹ በእጅ ፍሬን በኩል የመጣበቅ ልማድ ስላላቸው፣ ዘይቱ ሲቀየር ጎማዎቹ በነጻ እንደሚዞሩ አብሮ ይታይ።

ከአክብሮት ጋር
ሁለት መካኒኮች
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ